ቃለ መጠይቅና ጨዋታ በአንድ ቀን

[ምስል፦ ባዶ ኮሪደር፣ የተዘጋ በር]

ቀኑ ቅዳሜ ነው። እንደ ፈረንጆቹ ኖቬምበር 22፣ 2008። ማይረን ሮል ሙሉ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም ከተማ የስኮላርሺፕ መራጮች ፊት ቀርቧል። ማታ ደግሞ ቡድኑ፣ የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን፣ ሜሪላንድ ላይ ጨዋታ አለው። ሮል የቡድኑ ተከላካይ ነው። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ።

[ምስል፦ የኦክስፎርድ ሕንፃዎች]

የቀረበው ለሮድስ ስኮላርሺፕ ነው። ባለሀብቱ ሴሲል ሮድስ በ1902 ሲሞት በኑዛዜ የተወው ገንዘብ ነው። ሀብቱ የመጣው ከደቡባዊ አፍሪካ አልማዝ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ገንዘቡ ተማሪዎችን እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ልኮ ያስተምራል። ከመላው አሜሪካ በዓመት የሚያልፉት 32 ብቻ ናቸው። ኑዛዜው ደግሞ የትምህርት ጉብዝና ብቻ አይበቃም ይላል። ስፖርት የሚወድና የሚሳካለት ሰውም ይፈልጋል።

ቢል ብራድሊ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ በቅርጫት ኳስ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። በ1965 የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ክለቡ ኒውዮርክ ኒክስ መረጠው፤ እሱ ግን ኦክስፎርድ ገባ። ሲመለስ ክለቡ ተቀበለው። በ1970 እና በ1973 አብረው ዋንጫ በሉ።

[ምስል፦ ትንሽ አውሮፕላን፣ ማታ]

ሮልም አለፈ። ስሙ እንደተጠራ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን! ሜዳ ሲደርስ ሁለተኛው ሩብ ተጀምሯል። ማሊያውን ለብሶ ገባ። ቡድኑ 37 ለ 3 አሸነፈ።

ዲግሪውን በሁለት ዓመት ተኩል ነው የጨረሰው። ከዚያ የፕሮፌሽናሉን ሊግ አቆይቶ ኦክስፎርድ ሄደ፤ የሕክምና አንትሮፖሎጂ ተማረ። በ2010 የሊጉ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ ግን ተራው የደረሰው 207ኛ ላይ ነው። ከምርጫው በፊት አንድ ክለብ፣ ያን ቀን ቡድንህን ጥለህ ስትሄድ ምን ተሰማህ ብሎ እንደጠየቀው ራሱ ተናግሯል።

ይህ ጥያቄ እስካሁን ያንገበግበኛል። ልጁ እኮ ትልቁን ዕድል እንዳገኘ ሳያርፍ፣ ሳይደግስ በሮ መጥቷል! ጥሎ የሄደ ሰው እንዲህ አያደርግም።

[ምስል፦ የቀዶ ሕክምና ክፍል መብራት]

በሊጉ አንድም የመደበኛ ውድድር ጨዋታ ሳይሰለፍ ኳሱን ተወ። ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። በ2017 ዶክተር ሆኖ ተመረቀ። ቀጥሎ ቦስተን፣ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ገብቶ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠናውን ጀመረ።