ኩንታል ለብሶ ቶኪዮን መርገጥ

ዮናስ፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ጥያቄ አጭር ናት። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውን የመጀመሪያውን የግዙፉን አውሬ ፊልም፣ ጎድዚላን፣ ማየት የሚፈልግ ሰው የጃፓኑን ቅጂ ይያዝ ወይስ በ1956 አሜሪካኖች ቆራርጠው ያወጡትን? ሕሊና...

ሕሊና፦ እንደርስበታለን። መጀመሪያ አውሬውን የሚጫወተው ሰው የለበሰው ልብስ።

ዮናስ፦ ኧረ ገና ሰላምታዬን አልጨረስኩም!

ሕሊና፦ ልብሱን ሳታውቅ የትኛውንም ብታይ «ሰውዬ ጎማ ለብሶ ነው» ብለህ በአሥረኛው ደቂቃ ትዘጋዋለህ። የመጀመሪያው ልብስ ወደ 100 ኪሎ ይመዝን ነበር።

ዮናስ፦ አንድ ኩንታል።

ሕሊና፦ ድፍን ኩንታል። ጤፍ ቢሆን እኮ ትከሻ ላይ ይጫናል። ይሄ ግን አንገትህንም ጉልበትህንም ይዞሃል፣ ከኋላ ደግሞ ጅራት ይጎትትሃል። ውስጡ የቀርከሃና የሽቦ አጽም ነው፣ በላዩ ጨርቅ፣ ከዚያ ቀልጦ የተቀባ ጎማ። ጎማው ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ቀረ፣ መታጠፍ እምቢ አለ። ተዋናዩ ሃሩዎ ናካጂማ ገብቶ ጥቂት ሜትር እንደሄደ ወደቀ። ቀለል ያለ ሁለተኛ ልብስ ተሠራ። የመጀመሪያውን ወገቡ ላይ ቆረጡትና እግር ብቻ ለሚታይበት ቀረጻ አዋሉት።

ዮናስ፦ ኩንታሉ ሱሪ ሆነ በይኛ።

ሕሊና፦ ሆነ! ስታይ ልብ በል፣ እግሩ ብቻውን ቀርቦ ሲረግጥ ክብደቱ የውሸት አይመስልም። የውሸት ስላልሆነ ነው።

ዮናስ፦ እኔ ግን እዚህ ላይ እከራከራለሁ። በ1933 ግዙፉ ዝንጀሮ ኪንግ ኮንግ በአሻንጉሊት ተሠርቶ ነበር። በ1953 ሬይ ሃሪሃውዘን በአቶም ፍንዳታ ከበረዶ የነቃውን አውሬ ኒውዮርክ ላይ ሲለቅ ያንኑ ዘዴ ነው የተጠቀመው። ሰው ውስጡ ስለሌለ የሰው አካሄድ የለውም። ለእኔ ይበልጣል።

ሕሊና፦ የልዩ ትርኢቱ ኃላፊ ኤይጂ ጹቡራያም ኪንግ ኮንግን ያመልከው ነበር። በዚያ ዘዴ እንሥራው ቢባል ሰባት ዓመት ይፈጃል አለ። አስበው፣ አሻንጉሊቱን በፀጉር ስፋት ታነቃንቃለህ፣ አንድ ፍሬም ታነሳለህ፣ እንደገና ታነቃንቃለህ። ለሰከንድ 24 ፍሬም፣ ለደቂቃ 1,440። ፊልሙ ኖቬምበር 3 ሲኒማ ቤት መድረስ ነበረበት።

ዮናስ፦ ጊዜ አልነበራቸውም ማለት የተሻለ ሆነ ማለት አይደለም።

ሕሊና፦ አይደለም። ግን ስማ፣ ሂሳቡን ልንገርህ። ጎድዚላ በታሪኩ 50 ሜትር ነው፣ ልብሱ ወደ 2 ሜትር። ስለዚህ ከተማው በ25 እጥፍ አንሶ ተሠራ። አሁን ከ50 ሜትር የሚወድቅ ነገር መሬት ለመድረስ 3.2 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከ2 ሜትር የሚወድቀው 0.64 ሰከንድ። እንዳለ ከቀረጽከው ህንፃው እንደ ብርጭቆ ዱብ ይላል፣ አሻንጉሊትነቱ ያስታውቃል።

ዮናስ፦ አምስት እጥፍ ልዩነት።

ሕሊና፦ አዎ፣ የ25 ስኩዌር ሩት። ስለዚህ በሂሳቡ ካሜራው በሰከንድ 24 ሳይሆን 120 ፍሬም መቅረጽ አለበት። በተለመደው ፍጥነት ሲታይ አወዳደቁ ይዘገያል፣ ትልቅ ይመስላል። እዚህ ጋ ነው ጣጣው የሚጀምረው። እያንዳንዱ ፍሬም የሚያገኘው ብርሃን በአምስት ይቀንሳል፣ ስለዚህ አምስት እጥፍ መብራት ትፈልጋለህ። በዚያ ላይ ከኋላ ያለው ህንፃ ከደበዘዘ ዓይን ወዲያው «ይሄ ጠረጴዛ ላይ ነው» ይላል። እንዳይደበዝዝ የሌንሱን ቀዳዳ ታጠባለህ። ለምሳሌ በቀዳዳው መለኪያ ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 11 ብትወርድ ሌላ ስምንት እጥፍ መብራት። አምስት በስምንት...

ዮናስ፦ አርባ! ሰውዬውም ጎማው ውስጥ ነው።

ሕሊና፦ ጎማው ውስጥ፣ አንገቱ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች እያየ። ከልብሱ ላብ ይቀዳ ነበር።

ዮናስ፦ ኩንታሉ በላብ ስንት ገባ?

ሕሊና፦ ተው እንግዲህ። ያ ግለት ግን ጠቅሟቸዋል። የኤሌክትሪክ ማማዎቹን ጎድዚላ በትንፋሹ ሲያቀልጣቸው ታያለህ? ከሰም የተሠሩ ናቸው። መብራቱና የጋለ አየር አቀለጣቸው። ህንፃዎቹ ደግሞ ከጀሶ ናቸው። ጀሶ ወፍራም ከሆነ በትልልቅ ቁራጭ ይሰበራል፣ ልኩ ይጋለጣል። ስስ መሆን አለበት፣ ከውስጥም አስቀድሞ ይሰነጠቃል።

ዮናስ፦ ውሃውስ? እዚያ ላይ ግን አልተሳካም በይ።

ሕሊና፦ ውሃ አይታለልም። ጠብታን በ25 ማሳነስ አትችልም። ማዕበሉ ሲረጭ ፍንጣቂው የገንዳ ፍንጣቂ ነው። የእሳት አደጋ መኪኖቹ ሲገለበጡም መጫወቻ መሆናቸው ያስታውቃል፣ አልክድህም። በ1955 ተከታዩ ፊልም ላይ ደግሞ አንድ ካሜራ ፍጥነቱ ተሳስቶ የሁለቱ አውሬዎች ግብግብ ፈጠን ፈጠን ብሎ ወጣ። ጹቡራያ ወደደውና ተወው።

ዮናስ፦ እኔ አልወደድኩትም። ሁለት ዶሮዎች ነው የሚመስሉት።

ሕሊና፦ አውሬ ሲናከስ ይፈጥናል እኮ!

ዮናስ፦ 50 ሜትር የሆነ አውሬ አይፈጥንም፣ አሁን በሂሳብ አስረዳሽኝ አይደል?

ሕሊና፦ ...እሺ፣ ይሁንልህ። በግማሽ።

ዮናስ፦ በግማሽ ተቀብያለሁ። አሁን ወደ ጥያቄያችን። ለጀማሪ የአሜሪካኑ ይቀላል ባይ ነኝ። ሬይመንድ በር ጋዜጠኛ ሆኖ ገብቶ ይተርክልሃል፣ በ80 ደቂቃ ያልቃል።

ሕሊና፦ የጃፓኑ 96 ነው። 80ው ውስጥ የበር አዳዲስ ትዕይንቶች እንዳሉ ቁጠር፣ የተቆረጠው ከ16 ደቂቃ ይበልጣል። ምን እንደተቆረጠ ልንገርህ። ባቡር ውስጥ ሰዎች ያወራሉ። አንዲት ሴት በጨረር ስለተበከለ ቱና ዓሣ ታነሳለች፣ ስለሚዘንብ አመድ፣ አሁን ደግሞ ጎድዚላ። ከናጋሳኪ በስንት መከራ የተረፈች ናት። በዚያው ዓመት ማርች 1 አሜሪካ ቢኪኒ በሚባለው የፓስፊክ ደሴት ላይ ለሙከራ ያፈነዳችው የኑክሌር ቦምብ ኃይሉ 6 ሜጋቶን ይሆናል ተብሎ 15 ሆነ። 23 ሰው የያዘች የጃፓን ቱና አጥማጅ ጀልባ ላይ አመዱ ዘነበ። የሬዲዮ ሠራተኛው ሴፕቴምበር ላይ ሞተ። ፊልሙ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ወጣ። ተመልካቹ ያን ቱና ከገበያ ሲጣል ያየ ሰው ነው።

ዮናስ፦ መክፈቻውም እኮ መርከብ ነው። መርከበኞቹ ጊታር እየተጫወቱ ባሕሩ ቦግ ይላል።

ሕሊና፦ በቃ! መጨረሻውም፣ ሽማግሌው ሳይንቲስት የቦምብ ሙከራው ከቀጠለ ሌላ ጎድዚላ ሊመጣ ይችላል ይላል። የአሜሪካኑ ይሄን አውጥቶ ዓለም እፎይ አለ ብሎ ይዘጋል። ሕፃን ልጅ ላይ የጨረር መለኪያ ሲይዙ ሐኪሙ ራሱን የሚነቀንቅበትን ቦታ አይተህ «እፎይ» ትላለህ?

ዮናስ፦ አልልም። እሺ፣ የጃፓኑ መጀመሪያ። የአሜሪካኑን ግን ሁለተኛ እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ሕሊና፦ ሁለተኛ ይሁን። ሦስተኛም ቢሆን ግድ የለኝም።

ዮናስ፦ ሰዓታችን አልቋል። የጎድዚላን ጩኸት ሳናነሳ?

ሕሊና፦ ጩኸቱማ ኮንትራባስ፣ ያ ትልቁ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ነው! ክሩን ያላሉታል፣ የቆዳ ጓንት ላይ ሙጫ ይቀቡና ክሩን ከላይ እስከ ታች ይስቡታል። የተቀዳውን ቴፕ ፍጥነት ቀንሰው ያጫውቱታል።

ዮናስ፦ ጓንቱ ስንት ኪሎ ነው?

ሕሊና፦ ዝጋው ይሄን ማይክ።