በሩን ከመክፈታችን በፊት
በሠዓልያን ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር፣ ባሕር ዳር

ክቡራን እንግዶቻችን፣ የተወደዳችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ከደብረ ማርቆስና ከቡሬ ሌሊት ተነሥታችሁ የደረሳችሁ አላችሁ፤ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ። የሒሳቡን ሪፖርት ገንዘብ ያዣችን ከምሳ በፊት ያቀርባሉ። እኔ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ልናገር፤ በመጪው ጥር የጋራ ስቱዲዮአችንን ለሕዝብ ልንከፍት ነው።

ነገሩን ያስጀመሩን ፊት ለፊታችን የሚኖሩ እናት ናቸው። አንድ ቀን ሸራ ከመኪና ስናወርድ አዩንና፣ “ልጆቼ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ግን ምንድን ነው የምትሠሩት?” አሉን። ስንት ዓመት ጎረቤት ኖረን! አፈርኩ። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። አንዱ ወንድማችን የጀመረው የጸሎተ ሐሙስ ሥዕል ፊት ቆሙ፤ መልኮቹ ገና በከሰል የተነደፉ ነበሩ። ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ በጎን ወደተነደፈው ባለ አንድ ዓይን እየጠቆሙ “ይኼ ይሁዳ ነው” አሉ። የነገራቸው ሰው የለም። ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ በጎኑ በአንድ ዓይኑ እንደሚሣል ከልጅነታቸው ጀምረው በቤተ ክርስቲያን ሲያዩት ኖረዋል።

“ሕዝቡ ሥዕል አይገባውም” የሚለውን ንግግር እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ትቼዋለሁ። ዘጌ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው ያውቃል፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በጨርቅ ላይ ተሥሎ በተለጠፈ ሥዕል የተሸፈነ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ታሪኩን ከዚያ ያነባል፣ ለልጁም ይተርካል። ሥዕል ሊማር ጣሊያን ድረስ የሄደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም በ1860 ዓ.ም. የተወለደው በዚያው በዘጌ ነው። ከእኛም መካከል ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው የተመለሱ አሉ። ተምረን መጣን፤ መጥተን ግን በር ዘግተን ተቀመጥን።

ያላለቀ ሥራ ለሰው ዓይን አይሰጥም ያላችሁኝ አባላት አላችሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል። ነገር ግን ጣና ዳር ደንገል እያሰረ ታንኳ የሚሠራውን ሰው ተመልከቱ። ሸማኔውም፣ ብረት ቀጥቃጩም እንደዚያው በሰው ፊት ነው የሚሠሩት። በዚህ አገር እጁን ደብቆ የሚሠራ ባለሙያ ከእኛ በቀር አላየሁም።

እዚህ ላይ ግን የሚያሳምመኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። መታየት ብቻውን እነዚያን ባለሙያዎች አላስከበራቸውም። ማረሻውን ከቀጥቃጩ እጅ ተቀብለን አርሰን በላን፤ እሱን ግን ቡዳ ብለን ሰደብነው። የሠራውን አይተን ሰውየውን ሳናውቀው ቀረን። ስለዚህ በር ከፍቶ ዞር ማለት አይበቃም። እንግዳው ወንበር አግኝቶ ይቀመጥ፤ ቀለሙ እንዴት እንደሚበጠበጥ፣ ሸራው እንዴት እንደሚወጠር፣ አንድ ፊት ስንት ጊዜ ተሠርቶ እንደሚፈርስ ከሠሪው አፍ ይስማ። እኛም እንጠይቀው። እኒያ እናት ያዩትን ከእሳቸው በፊት ያየ ሰው እኔ አላስታውስም።

ስለዚህ እያንዳንዳችሁ በየክፍላችሁ ተገኙ፤ ሰው ወክላችሁ አትቅሩ። የጀመራችሁትን አትሸፍኑ። መሸጥ የሚፈልግ ይሽጥ፣ ነውር የለበትም፤ ዋጋውን ግን እንግዳው ሲጠይቅ ብቻ ንገሩት። ልጆች ሲመጡ ከሰልና ወረቀት ስጧቸው። የቀለም ማቅጠኛው ተርፔንታይን ተከድኖ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፣ የተነከሩ ጨርቆች ከክፍሉ ይውጡ። ቅርጻ ቅርጽ የምትሠሩ ደግሞ በእነዚያ ቀናት ድንጋይ አትፍለጡ፤ አቧራው ለአረጋውያን አይሆንም።

ጥርን የመረጥነው እህሉ ተሰብስቦ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ሰው ፋታ የሚያገኝበት ወር ስለሆነ ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት ወደ እንጅባራ የሚወርደውም እንግዳ በከተማችን ያልፋል። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በሩ ክፍት ይሆናል። ቁልፍ የያዛችሁት ሁለት አባላት 2 ሰዓት ላይ ድረሱልን። የመጀመሪያዋን ቡና የሚያፈሉልን እኒያ እናት ናቸው፤ ጠይቄያቸው እሺ ብለውኛል።