አሥር ዳይም ጠረጴዛ ላይ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ጉንፋን ነው፤ ታገሱኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ሽንኩርት እያቁላላሁ ስልክ ተደወለ። ማስተርሴን ከሠራሁበት ከዚህ ከአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ነው። አንዲት ተማሪ ናት፤ ከተሰጣት ወረቀት እየተንተባተበች ታነብልኛለች። በየዓመቱ ይደውላሉ፣ እኔም ሃያ አምስት ዶላር ሰጥቼ እገላገላለሁ። ዘንድሮ ግን ጥያቄው ሌላ ሆነ። ዩኒቨርሲቲውን በኑዛዜዬ ውስጥ ለማስገባት አስቤ እንደማውቅ ጠየቀችኝ። ሽንኩርቱ አረረ።

በማግስቱ ለእናቴ ደውዬ እንደ ቀልድ ነገርኳት። ኑዛዜ የምትለዋን ቃል ስትሰማ ዝም አለች። ቀጥላ «አንተ ልጅ፣ ምን አመመህ? ደብቀኸኝ ነው?» አለችኝ። ደህና መሆኔን ሳስረዳ ካርዱ አለቀ። የሚገርመኝ፣ እሷው ራሷ አርባ ዓመት ሙሉ ዕድር ስትከፍል የኖረች ሰው ናት። ለቀብራችን በየወሩ እያዋጣን ኑዛዜ ሲባል ደርሰን እንደነግጣለን። ፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኮ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ፣ በአራት ምስክር ፊት እንዲናዘዝ ፈቅዷል። ማን ያደርገዋል?

በዚያው ሰሞን ስለ ኦሲዮላ ማካርቲ አነበብኩ። እማማ ልበላቸው። የሚሲሲፒዋ ሃቲስበርግ ነዋሪ ነበሩ። የታመመች አክስታቸውን ሊያስታምሙ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት አቋረጡ፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜያቸውን የሰው ልብስ በእጃቸው እያጠቡ ኖሩ። መኪና እንኳ አልነበራቸውም። ሲሸመግሉ፣ ስለ ገንዘባቸው የሚያማክራቸው የባንክ ሰው አሥር ዳይም፣ ያቺን የአሜሪካ ባለ አሥር ሳንቲም፣ ጠረጴዛ ላይ ደረደረላቸው። እያንዳንዷ ሳንቲም ካላቸው ሁሉ አንድ አሥረኛ ናት፤ ለማን እንደሆነች ይንገሩት። አንዷን ለቤተ ክርስቲያናቸው፣ ሦስቱን ለዘመዶቻቸው አሉ። ስድስቱን ለደቡብ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ።

ስድስቱ ዳይም ወደ 150 ሺህ ዶላር ነበሩ። ወሬው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሰማ እማማ 87 ዓመታቸው ነው። ያ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1965 ድረስ ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ጥቁር ናቸው። እኔ ብሆን ቂሜን ይዤ እሞት ነበር፣ እውነቴን ነው። ውሉ ገንዘቡ ከሞታቸው በኋላ እንዲተላለፍ ነበር። የከተማው ሰው ግን ተደናንቆ አዋጣና በስማቸው ነፃ ትምህርት ያገኘችው የመጀመሪያዋ ተማሪ እሳቸው በሕይወት እያሉ ተማረች። እማማ በ1999 አረፉ።

እንዲህ ያለ ገንዘብ እዚህ ኢንዳውመንት ይባላል። ዋናው አይነካም፤ ኢንቨስት ይደረግና በዓመት ከመቶ አራት አምስት እጁ ብቻ ወጪ ይሆናል። መቶ ሺህ ዶላር ካስቀመጥክ በየዓመቱ አራት አምስት ሺህ ለተማሪ ይደርሳል፣ አንተ ከሞትክም በኋላ። ሀብታም መሆንም አያስፈልግም። የጡረታ ገንዘብህን፣ ያንን ፎር ኦ ዋን ኬ የሚሉትን፣ ማን እንደሚወርሰው የምትሞላበት ፎርም አለ። ልጆችህ ከዚያ ሲያወጡ ግብር ይከፍላሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን አይከፍልም። አንድ መስመር፣ ከመቶ ይህን ያህል ብሎ መጻፍ ነው። ባለትዳር ከሆንክ ግን ሚስትህ መፈረም አለባት።

እና ፎርሙን አውጥቼ እያየሁ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይሄን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እኮ ከፍዬዋለሁ! ብድሬን ከነወለዱ ጨርሻለሁ። አራት ዓመት ያበላኝ፣ ያስተኛኝ፣ ኬኔዲ ላይብረሪ ውስጥ እስከ ሌሊት ያስቀመጠኝ ስድስት ኪሎ ነው። ወጪ መጋራት የሚባለው በ1996 ዓ.ም. ከመምጣቱ በፊት ስለተመረቅኩ አምስት ሳንቲም አልከፈልኩም። የከፈለልኝ ገበሬው ነው፣ ግብር ከፋዩ ነው። ውለታው እዚያ፣ ፎርሙ እዚህ። የሚደውልልኝም የዚህኛው ነው።

ስድስት ኪሎ ራሱ የስጦታ ቤት ነው። ጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት በ1954 ዓ.ም. ነው፤ በ1953ቱ የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደም ከፈሰሰበት ብዙ ሳይቆይ። ግን ቤት መስጠት ሌላ ነው፣ የቤቱን ጣሪያ ለዘላለም የሚያስጠግን ገንዘብ መስጠት ሌላ። አሁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ የራሱን ገቢ ማሰብ ግድ ሊለው ነው።

ታዲያ ለምን ወዲያው አልጽፍም? ሁለት ነገር። አንደኛው ብሩ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ገበያው ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረ ዶላር በጥቂት ሳምንት ከመቶ በላይ ሲወጣ አይተናል። «ዋናው አይነካም» ተብሎ ባንክ የተቀመጠ ብር ሳይነካም ያልቃል። ሁለተኛው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጓደኛሞች አዋጥተን ለአንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ኮምፒውተር ላክን። በዓመቱ ሄጄ ሳይ ከነካርቶናቸው ተቆልፎባቸዋል። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ መስክ ወጥቷል አሉኝ። ዕድሩን የምናምነው የሚጽፈውንም ሒሳብ የሚይዘውንም ስለምናውቃቸው ነው። ከሞትኩ በኋላ ደውዬ «ምን ሆነ?» አልል።

ትናንት ማታ መኪናዬ ውስጥ ለፓርኪንግ ከማጠራቅመው ዳይም አሥሩን ቆጥሬ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ስድስቱን ለባለቤቴና ለልጆቹ። ሁለቱን ለእናቴ፤ ዕድሜ ይስጣትና እኔን ከቀበረች። አንዷን ለደብራችን። አንዷ እጄ ላይ ቀረች።

ባለቤቴ ገብታ አየችኝ። «ይቺስ የማን ናት?» አለችኝ።

«የስድስት ኪሎ።»

«ታዲያ ለምን ጨብጠሃታል?»

ፎርሙ መሳቢያ ውስጥ ነው። እሷም አልፈረመችም፣ እኔም አልሞላሁት። በሉ፣ ቸር ሰንብቱ።