ረዳቱ ያጉርስ ወይስ አያጉርስ? በኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳቶችንና አጋዦችን ስለመከታተል

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ሰነበታችሁ? ከጎንደር ነኝ፣ ዛሬም ከዚያችው ጠባብ ክፍል። ከጀርባ የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ ቻሉኝ። ፒያሳ ላይ ክፍል ተከራይቶ ጸጥታ መፈለግ ዘበት ነው።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ምን እንደሆነ ባለፈው ስላየን አልደግመውም። ያላየ ይመለስና ይመልከት። ባጭሩ ግን፣ በሕመም ወይም በጉዳት የተነሳ መብላት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ መሥራት ያቃተው ሰው እነዚህን ነገሮች እንደገና በራሱ እንዲያደርግ የሚያግዝ ሙያ ነው። ሥራ ማስቀጠር አይደለም። ይህን የምለው ሁለት ሰው ሲቪ ስለላከልኝ ነው። ሲቪያችሁ ጥሩ ነው፣ ግን አድራሻ ተሳስታችኋል።

የዛሬው ጥያቄ ሌላ ነው። ቴራፒስቱ ብቻውን አይሠራም። ከሥሩ ረዳት ቴራፒስት አለ፣ ከዚያ ደግሞ አጋዥ አለ። ማን ምን ይሠራል? ማን ማንን ይጠይቃል? ረዳት ስል፣ የታክሲ ረዳት ማለቴ አይደለም። እሱም ቢሆን ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። ሒሳብ ይሰበስባል፣ ተሳፋሪ ይጠራል፣ በር ይዘጋል፣ መሪ ግን አይይዝም። እሺ፣ ይህን ተዉት፣ የተሻለ ምሳሌ አለኝ።

[ሥዕል፦ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ልጆች]

የኔታን አስታውሱ። ጎንደር ተወልዶ የኔታን የማያውቅ አለ? እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው። ሠላሳ ልጅ እንሆናለን፣ የኔታ አንድ ናቸው። አንዱ ዳዊት ይደግማል፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ እኔ ደግሞ ገና ከ«ሀ» ጋር እታገላለሁ። ታዲያ እኔን ያስቆጠረኝ ማን ነው? የኔታ አይደሉም። ዳዊት ላይ የደረሰ አንድ ትልቅ ልጅ ነው። ስንደዶ ይዞ ፊደሉን አንድ በአንድ ይነካል፣ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» ይላል፣ እኔም እከተለዋለሁ።

የኔታ ምን ያደርጋሉ? ጭራቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ተኝተዋል ብለን ነበር የምናስበው። አንድ ቀን ያ ትልቅ ልጅ ቸኩሎ ኃምሱን ዘለለው። እኔ አላወቅኩም፣ እሱም አላወቀም። የኔታ ከዚያ ማዶ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «አንተ! ኃምሱን የት ጣልከው? መልስ!» አሉት። እኔን አይደለም፣ እሱን ነው ያሉት። ይህን ልብ በሉልኝ። ስህተቱ ከእኔ አፍ ነው የወጣው፣ የተጠየቀው ግን ያስቆጠረኝ ልጅ ነው።

ሌላም አለ። ፊደሉን በቃሌ ስይዝ፣ «ወደ አቡጊዳ ተሻገር» ብሎ መወሰን የዚያ ልጅ ሥልጣን አልነበረም። «የኔታ፣ ይህ ልጅ የደረሰ ይመስለኛል» ብሎ መናገር ይችላል። የኔታ ግን ያስጠሩኛል፣ ራሳቸው ያስቆጥሩኛል፣ ከመሀል ከመሀል ይጠይቁኛል። ለምን ከመሀል? መዝሙር አድርጎ የሸመደደ ልጅ ከመሀል ሲጠየቅ ስለሚጠፋው ነው። ከዚያ በኋላ ነው «ተሻገር» የሚሉት።

ውሃ የሚቀዱ፣ ግቢ የሚጠርጉ፣ ፊደል ገበታውን የሚያመጡ ልጆችም ነበሩ። እነሱ ባይኖሩ ትምህርቱ አይጀመርም። ግን ማንንም አያስቆጥሩም።

ታየላችሁ? የኔታ ቴራፒስት ናቸው። ዳዊት ላይ የደረሰው ልጅ ረዳት ቴራፒስት ነው። ውሃ የሚቀዳው አጋዥ ነው። አለንጋውን ከምሳሌው አውጡልኝ፣ የሱ ቦታ ሌላ ቪዲዮ ነው።

(ይህ ምሳሌ ከጣማችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ። ካልጣማችሁም አድርጉና ቅሬታችሁን ጻፉ።)

እሺ፣ አሁን ቶሎ ቶሎ። የምነግራችሁ የአሜሪካኑን አሠራር ነው፣ ረዳትና አጋዥ ተለይተው በዝርዝር የተጻፈላቸው እዚያ ስለሆነ። ቴራፒስቱ ቢያንስ ማስተርስ ይዟል። ረዳቱ በአብዛኛው የ2 ዓመት ኮሌጅ ተምሮ፣ ተለማምዶ፣ ተፈትኖ፣ ፈቃድ አውጥቶ ነው የሚሠራው። አጋዡ ሥራ ላይ ይሠለጥናል።

ታካሚውን መመዘን የሚጀምረውና የሚመራው ቴራፒስቱ ነው። ረዳቱ መረጃ ይሰበስባል፣ የተሰጠውን ምዘና ያካሂዳል፣ «ይህ ምን ማለት ነው» የሚለው ግን የቴራፒስቱ ነው። ዕቅድ? የቴራፒስቱ፣ ረዳቱ ሐሳብ ይሰጣል። ሕክምናውን መስጠት? ረዳቱ በዕቅዱ ውስጥ ሆኖ ይሰጣል፣ የዕለቱን ሁኔታ አይቶም ያስተካክላል። ማሰናበት? የቴራፒስቱ። አቡጊዳ፣ አቡጊዳ!

ለረዳቱ አንድ ምዘና ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ሁለታችሁም አንድ ሰው ላይ ሞክሩት። የእጅ ጭብጥ ጉልበት ስትለኩ እናንተ 20 ኪሎ፣ እሱ 28 ኪሎ ካገኘ፣ ገና ነው። ተመሳሳይ እስኪመጣ ድረስ አብራችሁ ሥሩ።

አጋዡስ? ዕቃ ያጸዳል፣ ክፍል ያዘጋጃል። ታካሚ የሚነካ ሥራ የሚሰጠው ውጤቱ አስቀድሞ ሲታወቅ፣ ታካሚው የተረጋጋ ሲሆን፣ ያንን ነገር ከዚህ ቀደም አድርጎት ሲያውቅ፣ አጋዡም «ምን ይሻላል?» ብሎ ማመዛዘን የማያስፈልገው ሲሆን ነው። አራቱም አንድ ላይ። በዚያች ሥራ ላይም መሠልጠን፣ አደጋውንም ማወቅ አለበት።

በየስንት ጊዜው ትከታተላላችሁ? ቁርጥ ያለ ቁጥር የለውም። በታካሚው ሕመም ክብደት፣ በታካሚዎቹ ብዛት፣ በረዳቱ ልምድ ይወሰናል፣ የየግዛቱ ሕግም አለ። ገንዘቡም ይናገራል፦ ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ የአረጋውያን መድን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ረዳት ለሠራው የሚከፍለው ከመደበኛው ክፍያ 85 በመቶውን ነው። በግል ክሊኒክ ደግሞ እስከ 2024 መጨረሻ ቴራፒስቱ እዚያው ቢሮው ውስጥ መገኘት ነበረበት። ከ2025 ወዲህ በስልክ መገኘት ከቻለ ይበቃል። ደግ ነው ክፉ ነው? እኔን ከጠየቃችሁኝ ለገጠር ደግ ነው፣ ለሰነፍ ቴራፒስት ደግሞ ሠርግና ምላሽ።

ቴክኒኩ ይኸው ነው፣ አለቀ። አሁን ወደ አስተያየቶቻችሁ።

አንድ ተመልካች «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛ ጋ አስታማሚ አለ አይደል እንዴ?» ብሎ ጽፏል። ሌላዋ ደግሞ «ቁጥጥር ሰውን አለማመን ነው» ብላለች። ሁለተኛውን በአጭሩ፦ «ቁጥጥር» የሚለውን ቃል እኔም አልወደውም፣ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነው ትዝ የሚለኝ። ጤና ጣቢያ ያሉ ሰዎች «ድጋፋዊ ክትትል» ይሉታል፣ እሱን እንጠቀም።

የፈረንጅ ጣጣ ለሚለው ግን ቆይ፣ ቆይ። ይቺ ከተማ እኮ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ናት። ያ ኮሌጅ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) አሠልጥኖ፣ በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ነበር የሚልካቸው። ሥራ ተከፋፍሎ፣ ማን ለማን እንደሚያስታውቅ አውቆ መሥራትን አያቶቻችን ናቸው እዚሁ የጀመሩት። በአገራችን የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ዲግሪ ትምህርትም ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተከፈተው በዚሁ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ጣጣው የእኛም ነው።

አሁን አስታማሚ። እዚህ ላይ ልቆይ ነው፣ ሻይ ያዙ።

አንዲት እናት እናስብ። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው ደክሟል። ዕቅዱ ላይ የተጻፈው በቀኝ እጃቸው እንዲበሉ ነው። ክርን ጠረጴዛ ላይ ይደገፋል። እንጀራው በትንንሹ ተቆርሷል። ሽሮው ወፈር ያለ ነው፣ የቀጠነ ከጣት ያመልጣላ። አውራ ጣትና ሁለት ጣት ተገናኝተው ቁራሹን ሊይዙ ይሞክራሉ። ይወድቃል። እንደገና። ይወድቃል። ነጠላቸው ላይ ሽሮ ጠብ ይላል።

አጠገባቸው ያለው ሰው ምን ይሰማዋል? አንጀቱ ይላወሳል። «እኔን! እኔ ልሙትልዎ፣ አንዴ ብቻ» ብሎ ያጎርሳቸዋል። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል አይደል የሚባለው? እዚህ ላይ አንዱም ሁለቱም ያጣላል፣ ከእኔ ጋር። ያ የወደቀው ቁራሽ እኮ ሕክምናው ነው። እጅ የሚማረው ስቶ፣ እንደገና ሞክሮ ነው። ባጎረሳችኋቸው ቁጥር ልምምዱን ነው የበላችሁባቸው።

ልዩነቱ እዚህ ይመጣል። ያጎረሰችው ልጃቸው ብትሆን ላዛት አልችልም። ቤተሰብ ነች፣ ደመወዝ አትቀበልም፣ መዝገብ አትፈርምም። አስተምራታለሁ፣ አሳያታለሁ፣ እለምናታለሁ፣ ውሳኔው የሷና የእናቷ ነው። አጋዡ ከሆነ ግን ተጠያቂው እኔ ነኝ። «በምግብ ሰዓት ቁጭ በል» ብዬ፣ «አታጉርስ፣ ሦስቴ ከወደቀ ክርናቸውን አስተካክል፣ ውሃ ሲጠጡ ካሳላቸው ወይም ድምፃቸው ከረጠበ፣ ማለትም ጉሮሯቸው ውስጥ ውሃ ያለ ይመስል ካንኮራኮረ፣ ወዲያው አቁምና ጥራኝ» ካላልኩ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ሳሉና የረጠበው ድምፅ ውሃው ወደ ሳንባ እየሄደ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታሉ። ያንን ማመዛዘን የአጋዡ ሥራ አይደለም፣ ማቆምና መጥራት ግን ነው።

ደግሞም አስታማሚን እንደ ነፃ አጋዥ የምትጠቀሙ ባለሙያዎች፣ አውቃችኋለሁ። ተዉ።

ከራሴ ልናዘዝ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ስሙን የማልጠራው ቦታ፣ አንዱን አጋዥ «አባባን ወደ አልጋ አዛውራቸው» አልኩት። አራት ቃል። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ጉልበት አለው፣ በደከመው ግራ እጃቸው ይዞ ሳብ አደረጋቸው። ከስትሮክ በኋላ የደከመ ትከሻ ጡንቻ አይይዘውም፣ ሲሳብ ይጎዳል። አባባ ሳምንት ሙሉ ትከሻቸውን ይዘው «አዪዪ» ሲሉ ከረሙ። ልጁን ተቆጡት። እኔን ማንም አልተቆጣኝም። የኔታ ቢኖሩ ግን ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አንተ!» የሚሉት እኔን ነበር። «በግራው አትያዝ፣ የተሽከርካሪ ወንበሩን ፍሬን ቆልፍ፣ በጤነኛው ጎን አዙራቸው» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደብተር አለኝ። ከረዳቱና ከአጋዡ ጋር የተነጋገርኩትን ቀኑን ጠቅሼ እጽፋለሁ፣ እነሱም ይጽፋሉ። አንዲት ገጽ ምን እንደምትመስል ላሳያችሁ። ለማሳያ የጻፍኩት ነው፣ የማንም ታካሚ አይደለም። ካሜራውን ላስጠጋው።

[ቅርብ ምስል፦ ደብተር]

«ሐሙስ፣ ምሳ። በቀኝ እጅ 12 ጊዜ ሞከሩ፣ 5 አፍ ደረሰ። ልጃቸው አንዴ አጎረሰች፣ ነገርኳት፣ ሳቀች። ውሃ ላይ ሁለቴ ሳሉ። አቆምኩ። ደወልኩ።»

ይቺን ከጻፈ አጋዥ ጋር ዓመት መሥራት ይቻላል። እኔ ከሥር «ደርሼ አየሁ፣ ውሃው እስክመዝናቸው ይቆይ» ብዬ እፈርማለሁ።

በሉ፣ መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ፣ አምፖሉ እየተርገበገበ ነው። ቻው!