ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ክሊፕ ክፈቱ

እሷ፦ ጤና ይስጥልን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ቤት ውስጥ ቪዲዮ ለመሥራት የሚሆን ኮምፒውተር ነው። ስቱዲዮ ለሚከፍት ሳይሆን የክርስትናውን፣ የጉዞውን፣ የልጆቹን ወይም የራሱን አጭር ድራማ በትርፍ ሰዓቱ ለሚቆርጥ ሰው። ሁልጊዜ የሚመጣው ጥያቄ «ስንተኛ ጄኔሬሽን ልግዛ?»፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ስንተኛው ትውልድ ይሁን የሚል ነው።

እሱ፦ ጄኔሬሽኑ ይደረስበታል፤ መነሻው ግን ካሜራው ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ኮምፒውተር ይገዛሉ። አንዱ ያለ ችግር ይቆርጣል፣ የሌላው በየሁለት ሰከንዱ ቀጥ ይላል። ኮምፒውተሩ ያው ነው፤ የሚለያየው ካሜራቸው የሚጽፈው ፋይል ነው።

እሷ፦ ፋይሉ ምን ዓይነት እንደሆነ በምን ይታወቃል?

እሱ፦ ሚዲያኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ከስልካችሁ ወይም ከካሜራችሁ አንድ ክሊፕ ገልብጡና በእሱ ክፈቱት። አራት ነገር ፈልጉ። ፎርማቱ ኤቪሲ ነው ወይስ ኤችኢቪሲ? ኤች 264 እና ኤች 265 የምንላቸው፣ ቪዲዮ የሚታመቅባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። ቢት ዴፕዙ፣ ማለትም የቀለሙ ዝርዝርነት፣ 8 ነው ወይስ 10? የቀለሙ መረጃ ምን ያህል እንደተቀነሰ የሚያሳየው ክሮማ ሰብሳምፕሊንግ ላይ 4:2:0 ነው ወይስ 4:2:2? አራተኛው ፍሬም ሬት ሞድ ነው፤ በሰከንድ የሚቀረጸው የፍሬም ቁጥር ቋሚ ከሆነ ኮንስታንት፣ ከተለዋወጠ ቫሪያብል ይላል። እነዚህን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ።

እሷ፦ ለምንድነው ይሄ ያን ያህል የሚከብደው? ያው ፋይል በቪኤልሲ ሲታይ እኮ ምንም አይልም።

እሱ፦ ማየትና መቁረጥ ስለሚለያይ ነው። ኤች 265 ሙሉ ሥዕል የሚያስቀምጠው አልፎ አልፎ ነው፤ በመሃል የሚጻፈው የተለወጠው ነገር ብቻ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስታዩት በተራው ይፈታዋል። ኤዲት ስታደርጉ ግን ጠቋሚውን ድንገት መሃል ላይ ታሳርፉታላችሁ። ያኔ ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሙሉውን ሥዕል ይፈልግና እስከዚያች ነጥብ ያለውን በሙሉ ያሰላል። ወደ ኋላ ስትጎትቱትማ በየፍሬሙ ይሄንኑ ይደጋግማል።

እሷ፦ እና ለዚህ ሥራ ቺፑ ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል አለ።

እሱ፦ አዎ፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያ ክፍል የፋይሉን ዓይነት ካወቀው ሥራው ይቀላል፤ ካላወቀው ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። 8 ቢት 4:2:0 ኤች 264 የሚጽፍ ካሜራ ካላችሁ፣ ለምሳሌ የመጀመሪያው ሶኒ ዜድቪ ኢ10፣ ማንኛውም የቅርብ ዓመታት ቺፕ ይፈታዋል። የአይፎን 10 ቢት ኤችኢቪሲ 4:2:0 ነው፤ እሱን ኢንቴል ከ7ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ይችለዋል። ችግሩ ኤች 265 10 ቢት 4:2:2 ላይ ነው። ከኢንቴል በኩል አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ከ11ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ይፈታዋል። የአፕል ኤም ቺፖችም ይፈቱታል። ከኤንቪዲያ ግን የሚፈታው የ50 ተከታታዩ ነው። አርቲኤክስ 4090 የሚያህል ውድ የኤንቪዲያ ካርድ እንኳ ይህን ፋይል በራሱ አይፈታም።

እሷ፦ ይሄን ደግማችሁ አድምጡት፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚከሰክሰው እዚያ ካርድ ላይ ነው።

እሱ፦ ሌላም አለ። አንዳንድ ካሜራ 4:2:2ን በኤች 264ም ይጽፋል። ያንን አብዛኛው የኢንቴል ክፍል አይፈታውም። ካሜራው ምርጫ ከሰጣችሁ ኤች 265ቱን ውሰዱ።

እሷ፦ እዚህ ላይ ስለ ኤፍ ፊደል እንንገራቸው። ኮር አይ 5 12400 እና 12400ኤፍ አሉ። ኤፍ ያለበት ርካሽ ስለሆነ ባለሱቁ እሱን ያወጣል። ሁለቱም 6 ኮር፣ 12 ትሬድ ናቸው። ነገር ግን ኤፍ ማለት አብሮ የተሠራው ግራፊክስ የለም ማለት ነው፤ ግራፊክሱ ከሌለ ደግሞ ክዊክ ሲንክ የሚባለው ያ የቪዲዮ መፍቻ ክፍልም የለም። ለጌም ተጫዋች ግድ የለውም፤ ለእናንተ ግን የገዛችሁበትን ምክንያት ነው የሚያሳጣችሁ።

እሱ፦ ራም ላይ እንሂድ። 16 ጊጋ ለ1080 ይበቃል፤ 4ኬ የምትቆርጡ ከሆነ 32 ይሁን። አንድ ባለ 32 ሳይሆን ሁለት ባለ 16 ግዙ፤ ሁለት ሲሆኑ ማዘርቦርዱ በሁለት መስመር ያነባቸዋል። አራት ማስገቢያ ካለ አብዛኛው ማዘርቦርድ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ 2ኛውና 4ኛው ላይ እንዲገቡ ይፈልጋል። ከተገጠመ በኋላ ባዮስ፣ ማለትም የማዘርቦርዱ ማስተካከያ፣ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ የሚለውን አብሩት። ካላበራችሁት 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም 2133 ወይም 2666 ላይ ይሠራል፤ ምንም ማስጠንቀቂያም አይመጣም።

እሷ፦ ዲስኩስ?

እሱ፦ በሂሳብ እንየው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ ማለት በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው፤ በሰዓት 45 ጊጋ ይሆናል። አንድ ክሊፕ ብቻ ከሆነ የድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ይበቃዋል። ሦስት ካሜራ የቀረጸውን ሠርግ ጎን ለጎን ስታጫውቱ ግን የዲስኩ መርፌ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ሲዘል ጊዜ ያጠፋል፤ ምስሉ መንተባተብ የሚጀምረው ያኔ ነው። ኤስኤስዲ መርፌ የለውም። የሳታው በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፣ እሱ ራሱ ይበቃል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑና ውዱ ኤስኤስዲ የግድ አይደለም።

እሷ፦ ስለዚህ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ ለዊንዶውስና ለፕሮግራሙ፣ 1 ቴራ ኤስኤስዲ አሁን ለሚሠራው ፕሮጀክት፣ ትልቁ ሃርድ ዲስክ ያለቀው የሚቀመጥበት። ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ከገዛችሁ ፎርማቱን ተመልከቱ። ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ዲስኩ ባዶ ሆኖም «ፋይሉ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው» ይላችኋል። ኤክስፋት አድርጉት፤ ፎርማት ሲደረግ ያለው ስለሚጠፋ አስቀድማችሁ ገልብጡ።

እሱ፦ ግራፊክስ ካርድ ላይ ብዙ አንቆይ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ቀለም ሲሠራና ምስሉ ላይ ያለውን ኖይዝ፣ ማለትም ነጠብጣቡን፣ ሲያጸዳ በካርዱ ላይ ይደገፋል። የካርዱ ሜሞሪ 4 ጊጋ ከሆነ 4ኬ ታይምላይን (ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ «ሜሞሪው ሞልቷል» እያለ ያስቸግራል፤ 8 ይመቻል። 4 ያለው ሰው ታይምላይኑን 1080 ያድርገው። ለዩቲዩብና ለቲክቶክ የሚሆን ሥራ በዚያ በሚገባ ይወጣል።

እሷ፦ ሪዞልቭን ካነሳህ ነፃው እስከ 4ኬ፣ በሰከንድ እስከ 60 ፍሬም ያወጣል። የሚከፈልበት አንድ ጊዜ 295 ዶላር ነው፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ነፃው ግን 10 ቢት ፋይሎች ላይ ገደብ ስላለበት፣ የራሳችሁን ክሊፕ አስገብታችሁ ሳትሞክሩ በእሱ ተማምናችሁ ኮምፒውተር አትግዙ። ድምፁ ገብቶ ምስሉ ከቀረ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ነፃው ኤች 264ን ጭራሽ አይከፍትም።

እሱ፦ አሁን ወደ ያገለገለው ገበያ እንምጣ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚገዛው እሱን ነውና። ከውጭ ቢሮዎች ተለቅመው የሚመጡ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ጥሩ መነሻ ናቸው። ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ግን አትውረዱ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

እሷ፦ ቀጭኑን ነው ወይስ ወፍራሙን ነው የምትመርጠው?

እሱ፦ ዋጋው ከተቀራረበ ወፍራሙን፣ ታወር የሚባለውን። ቀጭኑ ውስጥ የሚገባው ቁመቱ ግማሽ የሆነ ካርድ ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላዩም 200 ዋት አካባቢ ነው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም። ቅርጹም የራሱ ስለሆነ ከገበያ ሌላ ገዝታችሁ አትተኩትም። ስለዚህ ከማስገቢያው በሚያገኘው ኃይል ብቻ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 70 ዋት ነው፣ አጭር ቁመት ያለውም አለ። የኢንቴል አርክ ካርዶች 4:2:2 ስለሚፈቱ ያጓጓሉ፤ ግን ሪሳይዘብል ባር የሚባል የባዮስ አማራጭ ይፈልጋሉ፣ በእነዚህ የቢሮ ማሽኖች ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

እሷ፦ ሱቁ ውስጥ ቆመን ምን እንፈትሽ?

እሱ፦ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ። ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ። ስንት ማስገቢያ እንደተያዘና ፍጥነቱ እዚያ ተጽፏል። ክሪስታልዲስክኢንፎን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና የዲስኩን ጤንነት (ኤስኤስዲ ከሆነ በመቶኛ)፣ ስንት ሰዓት እንደሠራም እዩ። ከዚያ ፕሮሰሰሩን የሚፈትነውን ሲኒቤንችን 10 ደቂቃ አስሮጡት። ሲጀምር 4 ጊጋኸርዝ የነበረው እያደር ወደ 2 ከወረደ ማሽኑ ሙቀቱን ማውጣት አልቻለም። ብዙ ጊዜ የማቀዝቀዣው ቅባት ደርቆ ወይም አቧራ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ደፍኖት ነው።

እሷ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ዝቅ ካለ አገር ያንሳል። ሳጥኑን ግድግዳ ላይ አታስጠጉት፤ በየሁለት ሦስት ወሩ በነፊ አጽዱት። ስትነፉ ማራገቢያውን በጣት ያዙት፣ በነፋሱ ኃይል ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ይጎዳል።

እሱ፦ ላፕቶፕ የሚለው ሰው ግን ያመዛዝን። ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ ሥራው አይጠፋም፣ ይሄ እኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን፣ ባትሪ ባይኖረውም፣ የምወደው የአፕልን ትንሽ ዴስክቶፕ ማክ ሚኒ ኤም 4ን ነው። ትንሹ 16 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ዲስክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 599 ዶላር ነበር። 4:2:2 ይፈታል። ሙሉ ኃይሉን ሲጠቀም 65 ዋት አካባቢ ነው። ራሙ ግን የተበየደ ነው፣ በኋላ አይጨመርም። ለዲስኩ ከአፕል ትልቁን ከማዘዝ በዩኤስቢ ሲ የሚሰካ 1 ቴራ ኤስኤስዲ ይቀላል።

እሷ፦ ዩፒኤሱን፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚይዘውን የባትሪ ሳጥን፣ አንርሳ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ የሚሸከመው 360 ዋት አካባቢ ነው፤ ቪኤና ዋት አንድ አይደሉም። ካርድ ያለው ዴስክቶፕ ቪዲዮ እያወጣ 300 ዋት ከበላና ሞኒተሩ ከተጨመረ ጠርዝ ላይ ናችሁ። ከ1000 እስከ 1200 ቪኤ ያለውን ውሰዱ። የሚሰጣችሁ ደቂቃዎችን ነው፣ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት።

እሱ፦ ርካሾቹ የሚሰጡት ደረጃ ደረጃ ያለው ሞገድ ነው። አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ እሱን አይቀበልም፤ መብራት በሄደባት ቅጽበት ዩፒኤሱ እየሠራ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚለውን ፈልጉ። ኤክስፖርት ላይ እያለ ከጠፋ ደግሞ ኪሳራው ሙሉ ነው። የኤምፒ 4 ማውጫው አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ 95 በመቶ ደርሶ የቆመ ፋይል አይከፈትም።

እሷ፦ ሪዞልቭ ውስጥ ፕሪፈረንስስ፣ ዩዘር፣ ፕሮጀክት ሴቭ ኤንድ ሎድ ግቡ። ላይቭ ሴቭና ፕሮጀክት ባክአፕስ ሁለቱም መብራታቸውን አረጋግጡ።

እሱ፦ አሁን ያለው ኮምፒውተር ደካማ ለሆነበት ሰው ደግሞ፣ ሳይገዛ ፕሮክሲን፣ ማለትም ለመቁረጥ ብቻ የሚሆን ቀላል ቅጂን፣ ይሞክር። ሪዞልቭ ሚዲያ ፑል ውስጥ ክሊፖቹን መርጣችሁ በቀኝ ክሊክ ጄኔሬት ፕሮክሲ ሚዲያ በሉ። ፎርማቱ ዲኤንኤክስኤችአር ኤልቢ፣ መጠኑ ግማሽ ይሁን። 4ኬው 1080 ሆኖ ይጻፋል፣ በሰዓት 16 ጊጋ ገደማ ይወስዳል። እዚህ ፎርማት ውስጥ እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ሥዕል ስለሆነ ጠቋሚው ያለ ችግር ይንሸራተታል። ስታወጡ ዋናውን ፋይል ይጠቀማል። ብዙ ሰው ይሄን ካደረገ በኋላ አዲስ ኮምፒውተር አያስፈልገውም።

እሷ፦ የስልክ ቀረጻ ላይ ድምፁ ቀስ በቀስ ከአፍ እየራቀ የሚሄደውስ?

እሱ፦ ያ የኮምፒውተር ድካም አይደለም፣ ቫሪያብል ያልነው ነው። ስልኩ ብርሃን ሲቀንስ ወይም ሲሞቅ የፍሬሙን ቁጥር ይለዋውጣል። ሃንድብሬክ የሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ላይ አስገቡት፣ ቪዲዮ የሚለው ውስጥ ኮንስታንት ፍሬምሬት ምረጡ፣ ጥራቱን 18 አድርጉ፣ ኤዲት ከመጀመራችሁ በፊት ቀይሩት። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነም ቤት ውስጥ ስትቀርጹ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50 ይሁን፤ ምስሉ አይርገበገብም።

እሷ፦ የአማርኛ ጽሑፍ ስታስገቡ አራት ማዕዘን ከወጣ የመረጣችሁት ፎንት ግዕዝ የለውም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫኑ። የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላት ከወጡ ደግሞ ጽሑፉ በድሮ፣ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተተየበ ነው፤ እንደገና ይተየብ።

እሱ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ዘመድ ከአሜሪካ የቆየ ዴስክቶፕ ከላከላችሁ፣ ከመሰካታችሁ በፊት ከኋላ የኬብሉ መግቢያ አጠገብ ተመልከቱ። ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ ካለና 115 የሚል ከታየ በጠፍጣፋ መፍቻ ወደ 230 ግፉት። በ115 እንዳለ 220 ቮልት ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ እዚያው ይፈነዳል። ማንሸራተቻ ከሌለ ልጣፉ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ፈልጉ፤ ካለ ስኩት።