ሁለት እንስራ ያጋጨን ዓመት
የአንኮበርን ተፈጥሮና ታሪክ የሚመዘግበው ማኅበራችን ሊቀ መንበር በዓመታዊው ጉባኤ ያሰሙት የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባላት፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ እንግዶቻችን፤ እንኳን ወደ አንኮበር በሰላም መጣችሁ። ከአልዩ አምባ ዳገቱን የወጣችሁ፣ ከደብረ ብርሃን በሌሊት የተነሳችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አዳራሹን ለፈቀዱልንና ቡናውን ለሚያፈሉልን ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሰላምታውን በዚሁ ላሳጥረው፤ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ጉዳይ አለ።

አስቀድሜ የሠራነውን ልንገራችሁ። በበጋው ወፍ ዋሻ ደን ሄደናል። ገደሉ አፋፍ ላይ የጭላዳ መንጋ ቆጥረናል። የሽማግሌዎችን ድምፅ ቀድተናል። ከትምህርት ቤቶች ጋር ዛፍ ለይተናል፤ ጥዱን ከዝግባው፣ ኮሶውን ከወይራው። ዝርዝሩ በሪፖርቱ ውስጥ አለ፣ ታነቡታላችሁ።

አንዱን ጠዋት ግን ሳልናገር አላልፍም። ጉሙ ገና አልተነሳም ነበር። ጋቢያችንን ተከናንበን ገደሉ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለናል። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ክንዴን ያዝ አደረገችኝና በጣቷ አሳየችኝ። ቡናማ፣ ደረቷ ዝንጉርጉር የሆነ፣ ካላስተዋሏት ከድንጋዩ የማትለይ ትንሽ ወፍ ነበረች። በአንኮበር ስም የምትጠራው ወፍ ናት። የምትገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ ያስተዋወቃት ግን የውጭ አገር ሰው ነው። ልጅቷ ሰዓቱንና ቦታውን ደብተሯ ላይ ጻፈች። እጇ በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ጻፈች።

እኔ ይህን ማኅበር የምወደው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ከተልዕኮው ጋር የተፈጥሮ አጥኚው ዶክተር ሮት አብሮ ነበር። ጣሊያናዊው የተፈጥሮ አጥኚ አንቲኖሪም ከምኒልክ ቦታ ተፈቅዶለት እዚሁ አቅራቢያችን፣ ሌት ማረፊያ፣ ጣቢያ አቋቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው አረፈ። እነዚህ ሰዎች የአገራችንን ወፍና ቅጠል ዞረው አይተው ጻፉ። እኛ በላዩ ላይ እየተራመድን ስንቱን ሳንጽፈው ቀረን? ማኅበሩ የተቋቋመው ይህን ቁጭት ይዞ ነው።

አሁን ወደ ሆዴ ጉዳይ ልግባ።

ሰኔ ላይ አንድ አባላችን እርከን ሲሠራ ሁለት እንስራና አንድ የወፍጮ ድንጋይ አገኘ። አንዱ እንስራ አፉ ተሸርፏል፤ ሌላው ደህና ነበር። በአህያ ጭኖ፣ በገለባ ጠቅልሎ ቢሯችን ድረስ አመጣልን። የዚያን ቀን ደስታችን ልክ አልነበረውም። አንዷ እናታችን እልል አሉ።

በሳምንቱ ግን ተጣላን። ግማሹ «እዚሁ ይቀመጥ፣ አንዴ ከሄደ ተመልሶ አናየውም» አለ። ግማሹ «ሕግ አለ፣ እናሳውቅ» አለ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነበርኩ፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ሥራ መሐል ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለሚመለከተው አካል ያሳውቅ ይላል። ይህ የወረቀት ጣጣ አይደለም። እንስራ ከነበረበት አፈር ከተነሳ ግማሽ ታሪኩ እዚያው ይቀራል። ስንት ክንድ ጥልቀት ላይ ነበር? አጠገቡ አመድ ነበር? አጥንት ነበር? አሁን ማን ይመልሳል?

በዚህ አባላችንን አልወቅስም። ተሳስቶም ከሆነ ለማኅበሩ ካለው ፍቅር ነው። ጥፋቱ የእኛ የኮሚቴዎቹ ነው። «ባለበት ተዉት፣ ፎቶ አንሱ፣ ጥሩን» ብለን አስቀድመን ለማንም አልነገርንም። በመጨረሻ በደብዳቤ አሳወቅን። ውሳኔው ትክክል ነበር። የተነጋገርንበት መንገድ ግን ልክ አልነበረም። በዚያ ስብሰባ ሰው ተሰድቧል። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ፤ ለዚህ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያኮረፈው አልተመለሰም። የወር መዋጮ የሚከፍለው ሰው ቀነሰ። መቅረፀ ድምፁ ተበላሽቶ ማሠሪያ አጥተናል። በየወሩ ወንበር ደርድሬ፣ ግማሹን መልሼ አነሳለሁ። «ሥራ በዛብኝ» የሚለኝን እረዳዋለሁ። ስልክ የማያነሳውን ግን ምን ልበለው? ሽማግሌዎቻችን እኮ አይጠብቁንም። ዘንድሮ ብቻ «ለሚቀጥለው ወር» ብለን ያቆየናቸውን አንድ አባት ቀብረናል። የሚያውቁትን ይዘው ሄዱ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንድ ሰው ደግሞ ለብቻው ላናግር። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ።

ጋሼ፣ ዛሬ እዚህ የሉም። ቃሌን ግን ሰው እንደሚያደርስልኝ አውቃለሁ። ወፍ በድምፁ መለየት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። «መጀመሪያ ዝም በል» ይሉኝ ነበር። የጥንቱ የአንኮበር ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ ካርታ የጀመሩትም እርስዎ ነዎት። ወረቀቱ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። በእርሳስ የሠሩት ነው፤ የግንቡ ቅሪት፣ የውሃ መውረጃው፣ የበሩ ቦታ፣ ሁሉም በዚያች በደቃቃ ጽሕፈትዎ ተጽፏል። የምሥራቁ ጎን ግን ባዶ ነው። «ይህን ቦታው ላይ ሆኜ ነው የምሞላው» ብለው ነበር፤ ከዚያ እንስራው መጣ። ከአባትዎ የሰሙትን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለንም። እኔ ልሙላው ብል እዋሻለሁ።

በእንስራው ጉዳይ አሁንም ላንስማማ እንችላለን። ግድ የለም፣ እየተከራከርን እንሠራለን። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎቹን ይዤ ኮረብታው ላይ እወጣለሁ። በቤትዎ በኩል ነው የማልፈው። ካርታውንና እርሳሱን ይዤ በርዎ ላይ እቆማለሁ።

ጉባኤያችን ተከፍቷል። ጸሐፊያችን የዓመቱን ሪፖርት ያነቡልናል።