ሐይቃችን መውጫ የለውም

የተከበራችሁ ሼኾች፣ ቀሳውስት፣ እናቶችና አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፤ አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልን።

ዛሬ የማወራው በሐይቃችን ላይ ስላለው ስለ እስጢፋኖስ ገዳም ደሴትና ስለ ከተማችን ስለ ሐይቅ ጉርብትና ነው። አፋችን ለምዶት «ደሴት» እንላለን እንጂ፣ ውሃው ስለሸሸ ገዳሙ ከየብስ ጋር ከተያያዘ ቆይቷል። ድሮ በታንኳ ይሻገሩበት የነበረውን ዛሬ በእግር እንገባለን።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ እንዳስተማሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ የዛሬው ኑሮ ነው። ሳይነጋ ከወዲያ ደወሉ፣ ከወዲህ አዛኑ ይሰማል። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት ስለማይገባ፣ የጓዳውንም ሥራ የሚሠሩት አባቶች ራሳቸው ናቸው። ከነሱ ፊት ለፊት ደግሞ ዓሣ አስጋሪዎቻችን ማታ የጣሉትን መረብ ያነሳሉ። ቆሮሶ ከመረብ ሲፈታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጀርባው እሾህ ክፉ ነው፤ ይወጋል። ስለዚህ ከራሱ በኩል ይዘው፣ እሾሁን በመዳፋቸው ወደ ኋላ አስተኝተው፣ ክሩን አንድ በአንድ ያላቅቁታል። ይህ ዓሣ ወደ ሐይቃችን የገባው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። አያቶቻችን የማያውቁት እንግዳ ነበር፤ ዛሬ የስንቱ ቤት እንጀራ ሆኗል!

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው ውሃ በአንከርካ ወንዝ ወደ ሐይቃችን ይገባል። ከሐይቃችን የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ወንዝ ቢሆን ቆሻሻውን ጠርጎ ይወስድልን ነበር። እኛ ዘንድ የገባው ዘይት፣ ኦሞው፣ ፌስታሉ መሄጃ የለውም። ዓሣው እዚያው ይኖራል፤ እኛም ዓሣውን እንበላለን። በዚያ ላይ ለጫቱም ለአትክልቱም ውሃ በሞተር እንስባለን። ገበሬው ይጠጣ፣ ያጠጣ፤ መብቱ ነው። ግን ስንት ሞተር፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ቁጭ ብለን ካልተነጋገርን ውሃው መሸሹን አያቆምም።

ከተማው አይደግ አላልኩም። ልጆቻችን ሥራ ይፈልጋሉ፤ ደሴም ኮምቦልቻም ቅርባችን ናቸው፤ እንግዳ ይመጣል፣ ቤት ይሠራል። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ የውሃውን ዳር እንተውለት። ደንገሉና ቄጤማው ከጎርፍ የሚመጣውን አፈርና ቆሻሻ ይይዛል፤ ዓሣውም እዚያ ሥር ይራባል። እሱን መንጥረን ግንብ ስንገትር የገዛ ጓዳችንን ነው የምናፈርሰው።

ባጃጅና መኪና የሚያጥቡትን ልጆች ደግሞ አደራ፣ በዱላ እንዳናባርራቸው። የሚበሉት ከዚያ ነው። ከውሃው ራቅ ያለ፣ ፍሳሹ በጉድጓድ የሚቀር ቦታ እንስጣቸው። መሬት ያላችሁ ወገኖች፣ ይህን ከእናንተ እጠብቃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገዳሙ በሚያስገባው መንገድ ላይ እንገናኝ። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢትና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ ፌስታሉን እንለቅማለን፤ ከዚያ ከልጆቹ ጋር ሆነን የማጠቢያውን ቦታ እንመርጣለን። አመሰግናለሁ።